ፔዳሉ ካርት ውስጥ ቢቆይ ኖሮ

ፔዳሉን የገዛሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልለመነኝም። ባልገዛው ኖሮ የልጄ ልጅ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ማዶ ካለው ከአሌክሳንድሪያ ተነሥታ ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት ትመጣ ነበር። ዋናው ነገር ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው፤ እሱንም እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ፔዳል ስል የመኪና አይደለም። እኔም መጀመሪያ ስትነግረኝ የመኪና መስሎኝ ፍሬን ነው ወይ የተበላሸብሽ ብያታለሁ። የጊታር ነው። የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል የብረት ሣጥን ናት፤ ላይዋ ላይ የሚዞሩ ቁልፎች አሏት። መሬት ትቀመጣለች። ከጊታሩ የወጣው ሽቦ እሷ ውስጥ ይገባል፤ ከሷ ደግሞ ሌላ ሽቦ ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። በእግር ሲረግጧት የጊታሩ ድምፅ ይለወጣል። የሚያሻክረው አለ፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተመታ የሚያስመስለው አለ። የልጅ ልጄ የምትፈልገው ዲሌይ የሚሉትን ነበር። አንዴ የመቱትን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሰዋል፤ እየመለሰ፣ እየደከመ፣ ይጠፋል።

እኔ የምኖረው ሽማግሌዎች በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ብቻዬን ነው። ሚስቴ ካረፈች ቆይታለች። ልጄ፣ የልጅቷ እናት፣ አሌክሳንድሪያ ነው ያለችው፤ ነርስ ናት፣ ቅዳሜና እሑድ የምትሠራበት ጊዜ ይበዛል። ልጅቷ እዚሁ ፈረንጅ አገር ነው የተወለደችው። አሁን ትልቅ ሰው ናት፤ ውሻና ድመት የሚታከምበት ክሊኒክ ትሠራለች፣ ቤቷ ስትገባ ጊታር ትመታለች። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደህና እደሪ። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ አርሊንግተን ፓርኪንግ ስሠራ የለቀምኩት ነው፤ ቁልፍ ስጠኝ፣ ቦታ የለም፣ ቲኬትህ የት አለ። በዚህ ሁለቱ ምን ይወራል? ድሮ እናቷ እየገፋቻት በወር አንዴ ትመጣለች፤ ደህና ነዎት ትላለች፣ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ከዚያ እሷ ስልኳን፣ እኔ መስኮቱን እናያለን። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ትሄዳለች። ስትሄድ እኔም እሷም እፎይ እንል ነበር፤ እውነቱ እሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አንድ ጢማም ፈረንጅ ሲያወራ ታያለች። ጢማሙ ጊታር አቅፏል፤ ያወራል፣ ያወራል፤ አይመታም። ሣጥኗን አንሥቶ ያሳያል፣ ይገለብጣታል፣ ቁልፎቿን ያዞራል፣ አሁንም ያወራል። እኔ ትዕግሥት የለኝም። "ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚመታው?" አልኳት። ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከልጅነቷ ወዲህ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ስክሪኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ ሰውዬው የሚመታበት ቦታ ላይ አደረሰችውና "እሺ አባባ፣ ይስሙት" አለች። ሰማሁት። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ድምፅ ነው አልኳት። እንደገና ሳቀች።

የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቷ ሳትገፋት መምጣት ጀመረች። ቅዳሜ ጧት ቅንጬ እሠራለሁ፤ ቅቤው በዛ ያለ ትወዳለች። ታብሌቷን የስኳሩ ጣሳ ላይ ታስደግፍና አንዱን ወንበር ለኔ፣ አንዱን ለራሷ ትስባለች። አንድ ፔዳል እንሰማለን፣ ሌላ እንሰማለን። እኔ ሙዚቃ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ጊታርም ነክቼ አላውቅም። የመሰለኝን ነው የምናገር፣ ብዙውን ጊዜም ተሳስተዋል ትለኝ ነበር። ቢሆንም ድምፆቹ በኔ አፍ ስም ወጣላቸው። ጉድጓድ አለ። ቆርቆሮ አለ። ታፍኖ የሚወጣው እርጥብ ጋቢ ተባለ። አንዱን ሽንት ቤት ውስጥ የሚዘፍን ሰው ነው ብዬ ቅንጬው ትን አላት። ደህና የሆነውን ደግሞ "ይቺ ሰው ናት" እላለሁ። እሷም መልመዷ አይቀርም፣ ገና አንዴ ሲመታ "ኖ፣ ቆርቆሮ" ብላ ትዘጋው ጀመር።

ቀጥሎ የገዙ ሰዎች የጻፉትን ታነብልኛለች። እንግሊዝኛውን ታነብና በዚያች በቤት አማርኛዋ ትተረጉምልኛለች። አንዱ ከዚህ የተሻለ በዓለም የለም ይላል፤ አንዱ በሳምንቱ ሞተብኝ ይላል። የሚያማርረውን አስቀድሚ አልኳት። የሚያመሰግነው የሻጩ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ የሚያማርር ግን የቆሰለ ሰው ነው፣ አይዋሽም። ይሄን ምክር ወደደችው፤ ከዚያ በኋላ የሚያማርሩትን ብቻ ፈልጋ ታነብልኝ ነበር። ቃል አጥታ ስትቸገር በእጇ ታሳየኛለች፤ እኔ ቃሉን እሰጣታለሁ። መሰንጠቅ፣ መፈንዳት፣ መንጠባጠብ የሚሉትን ቃሎች ከዚያ ነው የተማረችው። እናቷ አንድ ቀን ደውላ "አባዬ፣ ምን ቢያበሏት ነው? ቤት ውስጥ በአማርኛ ትሳደባለች" አለችኝ።

አንዴ ሮክቪል ድረስ ሄደናል። አንድ ሰው ያገለገለ ፔዳል ለመሸጥ አውጥቶ ነበር፤ እሷ ጻፈችለት፣ ኑ አለን። እኔ ካፖርቴን ለብሼ ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ከፊት ተቀመጥኩ። ሰውዬው በነጠላ ጫማ ወጥቶ ጋራዡ ውስጥ አሰማን። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቁልፎቹን አዞረች፣ ሰማች፣ አመስግና እናስብበታለን ብላው ወጣን። መኪና ውስጥ ለምን ተውሽው ስላት ፊቷን አኮሳትራ "እርጥብ ጋቢ" አለች። እስከ ቤት ድረስ ሳቅን። ያን ቀን ልብ ማለት ነበረብኝ። የሚገዛ ሰው ዕቃ ጥሎ ሲመጣ እንደዚያ አይደሰትም።

ከሁሉ የወደድነው አንድ ነበር፤ ሰማያዊ ነው። ስንሰማው ሁለታችንም ዝም አልን። ይቺማ ሰው ናት አልኳት። ካርት ውስጥ አስገባችው። ካርት ማለት የመረጡትን ዕቃ ሳይከፍሉ የሚያኖሩበት ነው፤ እኔ እንደገባኝ ሱቅ ውስጥ ይዘነው እንደምንዞረው ጋሪ ማለት ነው። ሌላ ቅዳሜ መጣች፤ ካርቱን ከፍታ አየችው፤ አለ። ዘጋችና ሌላ ፔዳል መስማት ጀመርን። ሌላም ቅዳሜ እንደዚያው። ለምን አትገዢውም ስላት "ጀስት እያየሁ ነው አባባ" ትለኛለች። ውድ ነው ወይ ስላት ትንሽ ውድ ነው፣ ግን ምንም አይደል፣ ጀስት እያየሁ ነው ትላለች።

እንግዲህ እኔ ያደግሁበትን ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ሰው የልቡን በመጀመሪያ አይናገርም። እንግዳ ብላ ሲባል በቃኝ ይላል፤ በቃኝ ስላለ ገበታ አይነሣም፣ ይለመናል፣ በሞቴ ይባላል፣ ከዚያ ይበላል። ይሉኝታ ነው። ልጅ ከትልቅ ሰው ዕቃ አይለምንም፤ ዕቃውን ዞር ብሎ ያያል፣ አዋቂው ራሱ ይገባዋል። ሳይነገረው የማይገባው ሽማግሌ ምን ሽማግሌ ይባላል? እኔም የልጅቷን "ጀስት እያየሁ ነው" በዚህ ሚዛን መዘንኩት። በቃኝ እንዳለ እንግዳ ቆጠርኳት። ይቺ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ድረስ እየነዳች መጥታ ያንን ሰማያዊ ዕቃ የምታሳየኝ እንዲገባኝ ብላ ነው አልኩ። አሳዘነችኝ። ተኝቼም አስበው ነበር፣ ምን ያህል ብታፍረኝ ነው እያልኩ።

ቤተክርስቲያናችን አሌክሳንድሪያ ነው። አዳራሹ የፈረንጆች ነው፤ እነሱ ጧት ይጨርሳሉ፣ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባለን። ድምፅ ማጉያውና መሣሪያው የኛ ስለሆነ አንድ በቁልፍ የሚዘጋ ክፍል ሰጥተውናል። የመዘምራኑ መሪ ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ መሣሪያ ያውቃል። እኔ በስልክ መግዛት አልችልም፤ ካርዴን ሰጥቼው የሰማያዊውን ዕቃ ነገር ነገርኩት። ስሙን አላውቀውም፤ መልኩን ነግሬው አብረን ፈልገን አገኘነው። ለልጅቷ መሆኑን ስነግረው ደስ አለው። "ጋሼ፣ እንዲያው በዝምታ ከሚሰጧት ለምን በጉባኤ ፊት አይሆንም? የምስጋና ስጦታ ይሁን፣ እንጸልይበት፣ እሷም ታገልግልበት" አለኝ።

እኛ ጋ ይሄ የተለመደ ነው። ልጅ ሲመረቅ፣ ሰው ከበሽታ ሲድን፣ ቤተሰቡ ስጦታ ይዞ ይቆማል፣ ይመሰክራል፣ ይጸለያል። እሺ አልኩት። አልዋሽም፣ ሰው እንዲያይልኝም ፈልጌ ነበር። ስንቱ ሽማግሌ ልጆቼ ረሱኝ እያለ እዚያ ወንበር ላይ ያለቅሳል፤ እኔ ግን የልጅ ልጄን የማውቅ ሰው ነኝ።

ዕቃው ሕንፃችን ቢሮ መጣ፤ አምጥቼ አልጋ ሥር ከተትኩት። በቀጣዩ ቅዳሜ ልጅቷ እንደ ልማዷ መጣች። ቅንጬዋን በላች። ታብሌቷን ጣሳው ላይ አስደግፋ ካርቱን ከፈተች። ሰማያዊው አለ። አየችው፣ አየሁት። እኔ የአልጋዬን ሥር እያሰብኩ ሳቄ መጣ። ምን ያስቅዎታል አለችኝ። ምንም አልኳት። ዘጋችውና ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሌላ ፔዳል አሰማችኝ፤ ቆርቆሮ ነበር። እንደዚያ ሆነን የተቀመጥንበት የመጨረሻው ቅዳሜ እሱ ነው። ሳቄን ስይዝ ነው ያሳለፍኩት።

እሑድ መሪው ስሜን ጠርቶ ወደ መድረክ አወጣኝ። ሣጥኑን ይዤ ወጣሁ። ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተቀምጣለች፤ ጠሯት፣ መጣች። ሰማያዊውን ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ያን ጊዜ ደስታ ነው ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዕቃው ላይ ጫኑ። መሪው ይህ መሣሪያ ለጌታ ቤት ተሰጥቷል፣ እህታችንም ከዛሬ ጀምሮ ታገለግልበታለች አለ፤ ጉባኤው አሜን አለ። ልጅቷ ማገልገል እፈልጋለሁ ብላ ለማንም አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ጊታር የምትችል ልጅ ቤተክርስቲያን ካልመታች የት ልትመታ ነው ብዬ። ወደኔ ዞራ "ጌታ ይባርክዎት" አለችኝ። ይሄ ቃል በር ላይ የቆመ አስተናጋጅ ለገባው ሰው ሁሉ የሚለው ነው። እሷ ለኔ ብላው አታውቅም።

ከጉባኤው በኋላ መሪው ፔዳሉን ከሌላው መሣሪያ ጋር ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት። ለጌታ የተሰጠ ነዋ፤ ቤት አይሄድም። እሷ ቤቷ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምትረግጠው መስሎኝ ነበር የገዛሁት። መቆለፉን ቆሜ አየሁ፤ እሺ ያልኩት እኔው ነኝ።

ቤቴ ልታደርሰኝ ይዛኝ ወጣች። የወንዙን ድልድይ ተሻገርን። ደስ አላለሽም ወይ አልኳት። ደስ ብሎኛል አለች። እኔ ደግሞ በቃኝ ያለን ሰው መተው አላውቅም፤ ንገሪኝ፣ ንገሪኝ አልኳት።

"አባባ፣ እኔ አልጠየቅኩም" አለች።

"ልጅ መች ይጠይቃል? አዋቂ ነው የሚገባው።"

"ነግሬዎታለሁ እኮ። ጀስት እያየሁ ነው አልኩ። እውነቴን ነው። እያየን ነበር፣ እኔና እርስዎ።"

ቤልትዌይ የሚሉት የዙሪያው አውራ ጎዳና ተጨናንቆ ነበር፤ መኪናው ይቆማል፣ ይሄዳል። እዚያች ላይ አንድ ደህና ቃል ማግኘት ነበረብኝ። መሰንጠቅን፣ መንጠባጠብን ሳቀብላት የነበርኩ ሰውዬ አንዲት ቃል አጣሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና "እንግዲህ አንዴ ተገዝቷል" አልኩ። እሷም እሺ አለች። በሬ ላይ አውርዳኝ፣ እስክገባ ጠብቃ፣ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቅንጬ ሠራሁ። ኮል አደረገች፤ ሥራ አለኝ አለች። በሌላውም እንደዚያው። ተቆጥታ አይደለም፤ ድምፅዋ ደህና ነው፣ ደህና ነዎት ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላታለሁ። ቅዳሜዎች አለፉ። በመጨረሻ እናቷን ምን አድርጌያት ነው አልኳት። ልጄ እንደኔው ናት፣ አታለባብስም።

"አባዬ፣ ምን ልታደርግ ትምጣ? ዕቃው ተገዛ" አለችኝ። "እኔን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

ምንም አልነበረበትም። አልጠየቅኳትም።

ቤተክርስቲያንም ለጥቂት እሑዶች መታች። አንገቷን ደፍታ ትመታለች፣ ጨርሳ ሽቦዋን ጠቅልላ ትወርዳለች። ከዚያ ቀረች። ፔትዎርዝ የሚሉት ሰፈር አንድ ጓደኛዋ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ከሚመቱ ልጆች ጋር መምታት ጀምራለች አሉኝ፤ እሑድ ነው የሚገናኙት። በሷ ቦታ ሌላ ጎረምሳ ገባ። ሰማያዊውን እሱ ይረግጠዋል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ቁልፉን ከልክ በላይ ያዞረዋል፣ ድምፁ ሳይደክም ይመላለሳል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይወድቃል። እኔና እሷ እንዴት እንደሚሆን ወስነን ነበር። ሁለቴ ሦስቴ ይመለስ፣ ከዚያ ይጥፋ ብለን። መዝሙሩ መሀል ተነሥቼ ቁልፉን ልመልሰው ልመልሰው ይለኛል።

አንድ እሑድ መሪውን ይዤ ዕቃውን መልስልኝ አልኩት። ደነገጠ።

"ጋሼ፣ ለጌታ የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?"

ይሄን ቃል ለስንት ሰው የተናገርኩት ራሴ ነኝ። ደግሞስ ቢመልስልኝ ምን አደርገዋለሁ? አልጋ ሥር ልመልሰው? የሄደው ዕቃው አይደለም።

ካርቱን ግን አስበዋለሁ። እሷ ያን ቅዳሜ ከከፈተችው በኋላ ሰማያዊው ከዚያ ወጥቶ ይሆን? ወይስ አሁንም አለ? እኔ ሌላ ቦታ ገዛሁት እንጂ ከሷ ካርት ያወጣው የለም።

በቅርቡ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት፤ ሊንክ ልካልኛለች። ሥሩ ላይ በአማርኛ ፊደል፣ እየፈለገች እንደጻፈችው ያስታውቃል፣ "ይሄስ?" የሚል አለ። ስነካው ጢማሙ ሰውዬ ወጣ። ወንበሬን ስቤ ስልኩን ጣሳው ላይ አስደገፍኩት። አወራ፣ አወራ፤ እንዴት እንደሚገፉት አላውቅምና ሁሉንም ጠበቅሁት። በመጨረሻ መታ።

ጥሩ ነበር። ከሰማያዊውም ይበልጣል። የሰው ድምፅ ነው፤ ተናግሮ፣ ትንሽ ርቆ ሄዶ፣ ዞሮ የሚያይ ሰው ነው የሚመስለው። ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ የድምፅ መልእክት የሚቀዳበትን ተጫንኩ። እኔ ያሰብኩትን የምናገር ሰው ነኝ፣ ስናገር የተጣላኝም ብዙ ነው።

"ቆርቆሮ ነው" አልኳት። "እንዳትገዢው። ሌላ ፈልጊ።"